የቅርብ ኃላፊ አስተያየት

ድንቅነሽ ሥራ የጀመረችበትን ቀን የምታስታውሰው ከተቀመጠችበት ድንጋይ ጋር ነው። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ከመካነ ሰላም ከተማ አርባ ደቂቃ ያህል ቁልቁል በእግሯ ወርዳ፣ ከወንዙ በላይ ካለው የመንግሥት ችግኝ ጣቢያ ስትደርስ የቅጥር ደብዳቤዋን ለአለቃው ለአቶ ይሄነው ሰጠች። አቶ ይሄነው አነበቡት፤ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና «እዚያ ቁጭ በይ» ብለው ከመሣሪያ ቤቱ ጥግ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ አሳዩዋት። ቁጭ አለች። ሴቶቹ አፈር ሲያጣሩ፣ ወንዶቹ ፍግ ሲያጓጉዙ፣ ፀሐይ ከፊቷ ወጥታ ከኋላዋ እስክትገባ እዚያው ዋለች። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን አንዲት የቀን ሠራተኛ አዝናላት ውሃ ማጠጫ አምጥታ ሰጠቻት፤ ሥራ የጀመረችው ያኔ ነው። አቶ ይሄነው ክፉ ሰው አልነበሩም። ረስተዋት ነው። ድንቅነሽ ግን «ክፉ በሆኑና ባዩኝ» እያለች ታስብ ነበር።

በዚያው ጣቢያ ሃያ ሰባት ዓመት ቆየች። በርቀት ተምራ ዲፕሎማ ያዘች፤ አቶ ይሄነው ጡረታ ሲወጡ የጣቢያው ኃላፊ ሆነች። የቆየችው ጣቢያውን ስለወደደችው አልነበረም። መጀመሪያ ላይ ሌላ መሄጃ አልነበራትም፤ በኋላ ደግሞ ባሏም ልጇም ከተማው ውስጥ ስለሆኑ የትም መሄድ አላማራትም። ኃላፊ በሆነች ዕለት ግን ለራሷ አንድ ነገር ቃል ገባች፦ እኔ እያለሁ አዲስ ሰው እዚያ ድንጋይ ላይ አይውልም።

ቃሏን ጠበቀች። አዲስ ባለሙያ እንደተመደበ ስትሰማ ጠረጴዛውን ራሷ ትወለውላለች። የመሣሪያ ቤቱን ቁልፍ አስቀርጻ ታዘጋጃለች። ከተማ ወጥታ የሚከራይ ቤት ታፈላልጋለች። ሰውየው በመጣ ጧት ሠራተኞቹን ሁሉ ሰብስባ በስሙ ታስተዋውቀዋለች፤ ከዚያ ወደ መደቦቹ ይዛው ትወርድና አንዱን ባዶ መደብ እያሳየች «ይኼ ያንተ ነው። አፈሩን ቀላቅል፣ ዘሩን ምረጥ፣ እስኪበቅል ጠብቀው። ማንም አይነካብህም» ትለዋለች። የመጡት ሁሉ ወደዷት። የመጡት ሁሉ ደግሞ ሄዱ። አንዱ ደሴ፣ አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዷ ትዳር ይዛ አዲስ አበባ። አበቡ የምትባለው ልጅ ሦስት ዓመት አብራት ሠርታ ስትሄድ እንኳን «መኪናው ተነሳብኝ» ብላ በስልክ ነው የተሰናበተቻት። ድንቅነሽ አልተቀየመችም። ወጣት ነው፣ ይሄዳል። ያኔ አመሻሽ ላይ የምትመለስበት ቤት ውስጥ ሰው ነበራት።

ከዚያ ቤቱ ባዶ ሆነ። መጀመሪያ ልጇ የሻለም ቤይሩት ሄደች። ቀጥሎ ባሏ አምባቸው ታመመ፤ ኩላሊት ነው ተባለ፣ ደሴ ተመላለሱ፣ ክረምቱን ሳይጨርስ ሞተ። የሻለም እሑድ እሑድ ትደውል ነበር። አካባቢው ኔትወርክ የጠፋበት ወራት ሲመጣ እሱም ቀረ፤ ኔትወርኩ ሲመለስም ልጅቷ የእሑዱን ልማድ እየረሳችው በወር አንዴ ሆነ። ድንቅነሽ ከሥራ ስትመለስ በሩን ከፍታ መጀመሪያ የምታደርገው ሬዲዮ መክፈት ነበር። የሚባለውን አትሰማውም። ድምፅ እንዲኖር ብቻ ነው።

አሚራ የመጣችው አምባቸው በሞተ በሁለተኛው ዓመት፣ ጥቅምት ላይ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በደን ሳይንስ ተመርቃለች። አገሯ ከላላ ነው፤ አባቷ ከሞቱ ቆይተዋል፣ እናቷ ወይዘሮ ጠይባ ዓይናቸው እየደከመ ነው፣ ቤት ውስጥ አብራቸው ያለችው ታናሽ እህቷ ብቻ ነች። አሚራ የጠየቀችው ከላላ ሆኖ ዕጣው መካነ ሰላም አወጣት። ከመኪና ስትወርድ ፊቷን ጥላ ነበር። ድንቅነሽ ሻንጣዋን ልትቀበላት እጇን ስትዘረጋ «ይተዉ፣ አልከበደኝም» አለቻት።

መደቡን ስታሳያት እንኳን ዝም ብላ ነው ያየችው። በሁለተኛው ሳምንት የዝውውር መጠየቂያ ቅጽ ሞልታ ይዛ መጣች።

«ከላላ ነው?» አለች ድንቅነሽ።

«አዎ። እማዬ እዚያ አለች።»

«መብትሽ ነው።» ፈረመችበትና ራሷ ከተማ ወስዳ ሰጠችላት። እንዲህ ያለው ወረቀት መልሱ ሲመጣ ዓመትም ሁለት ዓመትም እንደሚፈጅ ታውቃለች።

በኅዳር አሚራ ጽድ ዘራች። የጽድ ዘር ቀጭን አፈር ብቻ ነው የሚፈልገው፤ እሷ ግን ውርጩን ፈርታ ሴቶቹን ሁለት ጣት ጥልቀት እንዲቀብሩት አዘዘቻቸው። አሥራ ሁለት መደብ። ሳምንቱ ተቆጠረ፣ ወሩ አለፈ፣ ሁለተኛው ወር ገባ፤ አፈሩ ላይ ብቅ ያለ ነገር የለም። በጥር የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አቶ ደሳለው ከሦስት ሰዎች ጋር ለጉብኝት መጡ። ባዶዎቹን መደቦች አይተው «ይኼ የማን ሥራ ነው?» ሲሉ አሚራ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«የኔ ነው» አለች ድንቅነሽ። «ዘንድሮ ውርጩ ይበረታል ብዬ ጠለቅ አድርገሽ ቅበሪ ያልኳት እኔ ነኝ።»

ሥራ በያዘች በሃያ አምስተኛው ዓመት ድንቅነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። አሚራ ከመሣሪያ ቤቱ ጀርባ ቆማ ስታለቅስ አገኘቻት።

«ለምን እንዲህ አሉ? ያላሉትን!»

«ዝም በይ። አንቺ ገና ሦስት ወርሽ ነው፣ እኔን ምንም አያደርገኝም። ዘሩን አፈር ለስሙ ከሸፈነው ይበቃዋል። አሁን ዐወቅሽ አይደል? ሰኞ እንደገና እንዘራለን።»

ከዚያ ቀን በኋላ አሚራ ሌላ ሰው ሆነች። ጧት መጀመሪያ የምትደርሰው እሷ ናት፤ ውርጭ ባደረበት ቀን ፀሐይ ሳትነካቸው ችግኞቹን ውሃ ለማርከፍከፍ ጎህ ሲቀድ ትወርዳለች። የቀን ሠራተኞቹን ልጆች ስም ሁሉ ታውቃለች። ስብሰባ ላይ «ጣቢያችን» ማለት ጀመረች። ድንቅነሽን «እትዬ» እያለች ትጠራታለች። ጧት የወረዱትን ቁልቁለት አመሻሽ ላይ አብረው ይወጡታል፤ አሚራ የተከራየችው ክፍል ከድንቅነሽ ቤት ሦስት በር ርቆ ነውና እራት ብዙ ጊዜ አብረው ነው። ድንቅነሽ ሥጋ ነክቶት የማያውቅ አዲስ ድስት ገዝታ ለብቻው አስቀመጠችላት። በረመዳን ለማፍጠሪያ ሾርባ ታሰናዳለች፤ ፍልሰታን ደግሞ አሚራ ሽሮውን ራሷ ትሠራላት ነበር። ሬዲዮው ሳይከፈት ወራት አለፉ።

በሁለት ዓመቱ፣ ኅዳር ላይ፣ አቶ ደሳለው በሞተር መጡ። አሚራ ዘር ልታመጣ ወደ አቀስታ ሄዳ ነበር።

«እትዬ ድንቅነሽ፣ ይቺ ልጅ የጠየቀችው ዝውውር ነበር አይደል? ከላላ ቦታ ተገኝቷል፤ ልቀቁልን ብለው ጽፈዋል። እርስዎ የቅርብ ኃላፊዋ ስለሆኑ አስተያየትዎን ይሙሉልኝ።»

«እሷ ታውቃለች?»

«ከየት ታውቃለች። ስልኩ እንደሆነ ጠፍቶ ነው የከረመው፤ ደብዳቤውም በሰው እጅ ነው የደረሰኝ። ትሂድ ካሉ ትሄዳለች። ሥራው ይጎዳል ካሉም ለእኔ ይቀለኛል፤ ሌላ ሰው አይሰጡኝም።»

ቅጹ አንድ ገጽ ነው። ከታች «የቅርብ ኃላፊ አስተያየት» ይላል፤ ሥሩ ሦስት ባዶ መሥመር አለ። ድንቅነሽ መሳቢያዋ ውስጥ አስገባችውና ሦስት ቀን አቆየችው። በሁለተኛው ቀን አሚራ ተመልሳ እራት እየበሉ ሳለ እንደ ዋዛ አድርጋ ጠየቀቻት።

«አሁን ከላላ ብትመደቢ ትሄጃለሽ?»

አሚራ ሳቀች። «ኧረ እትዬ! ያንን ወረቀት እኔም ረስቼዋለሁ። እህቴ አለች እኮ ከእማዬ ጋር። ደግሞ የዘንድሮውን ጽድ ለማን ጥዬው ነው?»

ድንቅነሽ መልሱን አገኘሁ አለች። ቦታ እንደተገኘ፣ ደብዳቤው ቢሮዋ መሳቢያ ውስጥ እንዳለ አልነገረቻትም። በማግስቱ ጠረጴዛዋ ላይ ቁጭ ብላ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጻፈች፦ «ሠራተኛዋ በጣቢያው ብቸኛዋ ባለሙያ በመሆኗና ተተኪ ባለመኖሩ በአሁኑ ወቅት ብትለቀቅ ሥራው ይጎዳል።» ደጋግማ አነበበችው። ውሸት የሆነ አንድ ቃል አጣችበት። ፈረመች። ከሁለት ሳምንት በኋላ «ሠራተኛዋን መልቀቅ የማንችል መሆኑን እንገልጻለን» የሚለው ደብዳቤ ግልባጩ ለአሚራ እንዲሰጥ ተብሎ በድንቅነሽ እጅ መጣ። እሱንም መሳቢያው ውስጥ አስገባችው። ነገ እሰጣታለሁ አለች። ነገ ሲመጣ ሌላ ነገ አለ።

በየካቲት የአሚራ እህት በድንገት ትዳር ያዘች፤ ባሏ ወደሚሠራበት አፋር ተከትላው ሄደች። ወይዘሮ ጠይባ ብቻቸውን ቀሩ። አሚራ ወሬውን የሰማችው ዘግይቶ ነው። «ጎረቤት አለ፣ አብሽሪ» ይሏታል እናቷ በስልክ። በሚያዝያ ወይዘሮ ጠይባ ውሃ ሊቀዱ ወርደው ከምንጩ አጠገብ ወደቁ፤ የእጃቸው አንጓ ተሰበረ፤ እስኪመሻሽ ያነሳቸው ሰው አልነበረም። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራው ታላቅ ልጃቸው አሕመድኑር መጥቶ ቤቱን ቆለፈ፣ ሁለቱን ላሞች ሸጠ፣ እናቱን ይዟቸው ሄደ።

አሚራ ይህን ሁሉ ስትናገር ድንቅነሽ ትሰማለች። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። እጇን አላቆመችም። «አይዞሽ፣ ልጃቸው ጋ ናቸው» አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እራት አልዋጥላት አለ፤ እሷ አሞኛል ስትል አሚራ እውነት መስሏት ዳማከሴ ጨምቃ ታመጣላት ነበር። ይሄ ነው የባሰባት። ልጅቷ ፊት ብትነሳት ይቀላት ነበር።

የክረምቱ ተከላ አልቆ ነሐሴ መጨረሻ ላይ አሚራ ፈቃድ ወሰደች። ወደ ከላላ ሄዳ ቤቱን አየች፤ ወደ ኮምቦልቻም ወርዳ እናቷን አየች። የተመለሰችው መስከረም ሦስት ነው። ቦርሳዋን ቤቷ እንኳን ሳታስቀምጥ በቀጥታ ወደ ጣቢያው ነው የወረደችው። ድንቅነሽ ፕላስቲክ ከረጢት እየቆጠረች አገኘቻት።

«እትዬ፣ ከላላ አንድ ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ሰው አገኘሁ። ‹አምና ኅዳር ልቀቁልን ብለን ጽፈን ነበር፣ መሥሪያ ቤትሽ እምቢ አለ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ቀጠርንበት› አለኝ። አምና ኅዳር! እህቴ ሳትሄድ፣ እማዬ ሳትወድቅ።»

ድንቅነሽ ቆጠራው ጠፋባት።

«አቶ ደሳለው ናቸው አይደል? ሳይነግሩኝ፣ ሳይጠይቁኝ። ነገ ጧት ቢሯቸው ገብቼ ፊት ለፊት ነው የምናገራቸው። እርስዎም ይምጡልኝ። ስለ እኔ እርስዎ ይመስክሩልኝ።»

«እንነጋገራለን» አለች ድንቅነሽ። ከረጢቶቹን እንደገና ከአንድ ጀምራ ቆጠረች።

ጧት አሚራ በሯን አንኳኳች፤ ነጠላ ጫማዋን በጥሩ ጫማ ለውጣ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ ለክርክር ተዘጋጅታ ነበር። ድንቅነሽ ሌሊቱን ልብሷን ሳታወልቅ ነው ያነጋችው።

«አትሂጂ» አለቻት። «ደሳለው አይደለም። እኔ ነኝ።»

«ምኑ?»

«ሥራው ይጎዳል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የእምቢታውም ግልባጭ ለአንቺ መጥቶ ነበር። መሳቢያዬ ውስጥ ነው ያለው።»

አሚራ መጀመሪያ የገባት አልመሰለም። በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች።

«ያን ጊዜ የጠየቁኝ… ‹ብትመደቢ ትሄጃለሽ› ያሉኝ…»

«አዎ። ደብዳቤው ያኔ እጄ ላይ ነበር።»

«ለምን?»

«ሥራው በእውነትም…»

«እትዬ። ለምን?»

ድንቅነሽ ወንበሩን ይዛ ቆመች። «አንቺ ከሄድሽ እዚህ ቤት ውስጥ ማንም የለም» አለች።

አሚራ ቤቱን ዞር ብላ አየችው፤ ከዚህ በፊት አይታው እንደማታውቅ ሁሉ። ስትናገር ድምፅዋ ከፍ አላለም።

«ቢነግሩኝ እሄድ ነበር። እውነቴን ነው፣ እሄድ ነበር። ግን እየተመላለስኩ እጠይቅዎ ነበር። እርስዎ እዚህ እናቴ ነበሩ እኮ። አሁን እማዬንም ቤቷን አሳጧት፣ እኔንም እርስዎን አሳጡኝ።»

ሄደች። ያን ቀን ሥራ ቀርታ ይሆናል ብላ ድንቅነሽ ስትወርድ አሚራን መደቦቹ መሃል አገኘቻት። እንደ ወትሮዋ ሴቶቹን እያሰማራች ነው። ስታያት ቀና ብላ «እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ድንቅነሽ» አለቻት። ሴቶቹ ቀና ቀና አሉና ተያዩ። ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ «እትዬ» ስትል ነው የሚያውቋት።

በዚያው ሳምንት ድንቅነሽ ወደ አቶ ደሳለው ቢሮ ወጣች። ያደረገችውን ሳትደብቅ ነገረቻቸው። አቶ ደሳለው ብዕራቸውን አስቀምጠው አዩዋት።

«እርስዎ የጻፉት ልክ ነበር። ተተኪ አልነበረንም።»

«ልክ ነበር» አለች ድንቅነሽ። «የጻፍኩት ግን ለዚያ ብዬ አልነበረም። አሁን እናቷ ያሉት ኮምቦልቻ ነው። እዚያ ቦታ ካለ ይጻፉላት። አስተያየቱን አሁኑኑ እሞላለሁ።»

ያን ዕለት ሦስቱ መሥመሮች አልበቋትም። በወረቀቱ ጀርባም ጻፈች። በኅዳር ኮምቦልቻ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ቦታ ተገኘ። አሚራ ንብረቱን ቆጥራ አስረከበች፤ የዘር መዝገቡን በንጹሕ ገልብጣ አስቀመጠች፤ ሴቶቹን እያቀፈች ተሰናበተች። ለድንቅነሽ እጇን ዘረጋችላት። ድንቅነሽ ጨበጠቻት። «ሥራ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ» አለች አሚራ። ድንቅነሽ አንገቷን ነቀነቀች። ሻንጣዋን መኪናው ላይ የጫነላት ሌላ ሰው ነው።

ሬዲዮው ተመለሰ። ከሥጋ ተለይቶ የቆየውን ድስት ድንቅነሽ ለሰው ልትሰጠው አንስታ፣ መልሳ ቦታው ላይ አስቀመጠችው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፤ ከሰዓት በኋላ ልብስ ታጥባለች፤ ከዚያ ፀሐይዋ እስክትገባ ደጃፉ ላይ ትቀመጣለች። አንዳንድ ማታ ሦስት በር ርቆ ያለው ክፍል መብራቱ ሲበራ ትደነግጣለች፤ የተከራየው የባንክ ጥበቃ ነው።

በታኅሣሥ ያለው የሚባል አዲስ ባለሙያ ተመደበ። የወግዲ ልጅ ነው። ጠረጴዛውን ወለወለችለት፣ ቁልፉን አስቀረጸችለት፣ መደቡንም አሳየችው። ግን ሠራተኞቹ ሲበተኑ ቢሮ ጠርታ አስቀመጠችው።

«ወግዲ እነማን አሉህ?»

«እናት አባቴ፣ እጮኛዬም።»

የዝውውር ቅጹን ከመሳቢያ አውጥታ ፊቱ አደረገችለት። «ዛሬውኑ ሙላው። መልሱ ሲመጣ ለአንተ የተጻፈው በሰዓቱ ይደርስሃል። ቦታ እስኪገኝ ድረስ ግን እዚህ ያለኝን ሁሉ አሳይሃለሁ።»

ልጁ የተባረረ መስሎት ደነገጠ። «ምን አጠፋሁ?»

«ምንም» አለችው። «ምንም አላጠፋህም።» እራት አልጠራችውም። ቤት እንዲያገኝ ረድታው፣ ሌላ ሰፈር ነው የፈለገችለት።

በየካቲት፣ ከዓመታት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፈቃድ ጠየቀች። ደሴ አድራ በማግስቱ ኮምቦልቻ ወረደች። የደጋ ሰው ናትና ሙቀቱ አደከማት፤ ጋቢዋን ክንዷ ላይ ጥላ ፋብሪካው ሰፈር የአሕመድኑርን ቤት እየጠየቀች ከቀትር በፊት ደረሰች። የቆርቆሮ በር ነው። ወይዘሮ ጠይባ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያ ይቆጥራሉ።

«ማነው?»

«ድንቅነሽ እባላለሁ። ከመካነ ሰላም ነው የመጣሁት።»

የሴትየዋ ፊት በራ። «የአሚራ አለቃ! ማርሃባ! ማርሃባ! ነይ፣ ነይ አጠገቤ።» እጇን ፈልገው ያዙና አልለቅ አሉ። «ልጄን እንደ እናት ያዝሽልኝ። ባጠፋችው አንቺ ተከሰስሽላት። ወላሂ፣ በየሰላቱ ዱዓ አደርግልሻለሁ።»

ድንቅነሽ ገባት። አሚራ ለእናቷ ምንም አልነገረችም።

እንግዲህ ዝም ብትል ማንም አያውቅ። ምሳ ይቀርባል፣ ትመረቃለች፣ ትመለሳለች። እጇ በአሮጊቷ እጅ ውስጥ እንዳለ ነገረቻቸው። ቅጹን፣ ሦስቱን መሥመር፣ መሳቢያውን፣ እራት ላይ የጠየቀቻትን። ስትጨርስ ወይዘሮ ጠይባ እጇን ቀስ ብለው ለቀቁ። መቁጠሪያቸውን አነሱ፤ ግን አልቆጠሩበትም።  ከጎረቤት የልብስ ስፌት መኪና ይሰማል።

«መውደቄ አይደለም ያመመኝ» አሉ በመጨረሻ። «ከላላ ዓይኔ ቢጠፋም ቤቴን በእጄ ዐውቀው ነበር። ግድግዳው የት እንደሚሻክር፣ በሩ የት ጋ እንደሚጎብጥ። ላሞቼን በአተነፋፈሳቸው እለያቸው ነበር። እዚህ ሰው ካልመራኝ ወደ በሩ መሄድ አልችልም። ልጄ ደግ ነው፣ ሚስቱም ደግ ናት። ግን የሰው ቤት ነው።»

«አጥፍቻለሁ» አለች ድንቅነሽ። «አፉ በሉኝ ልል አይደለም የመጣሁት። እንዲያውቁት ብዬ ነው።»

«ባትይም እላለሁ። እኔ አፉ ብያለሁ፣ ለአላህ ብዬ። የአሚራን ግን እኔ አልልልሽም። ከሷው ጠይቂ።» ትንሽ ቆይተው «ምሳ ሳትበዪ አትሄጂም» አሉ። ድንቅነሽ በላች። እየበላች እንባዋ ይወርዳል፤ ሴትየዋ እንደማያዩ ታውቃለች፣ ግን ድምፅ እንዳታሰማ ተጠነቀቀች።

አሚራ በምሳ ሰዓት መጣች። በሩ ላይ ስታያት ቆም አለች፤ ከዚያ ሰላም አለቻት። ከስታለች። እናቷን አየች፣ ድንቅነሽን አየች፣ ምንም አልጠየቀችም። ድንቅነሽ ለመሄድ ስትነሳ «መናኸሪያ አደርስዎታለሁ» አለች።

አስፋልቱን ይዘው ሲሄዱ ባጃጅ ሲያልፍ ብቻ ነው እየተጠጉ የሚሄዱት።

«ነገሯት?» አለች አሚራ።

«ነገርኳቸው።»

«እኔ ያልነገርኳት ስለ እርስዎ የምታደርገውን ዱዓ እንድትተው ስላልፈለግኩ ነው። እኔ እዚያ አገር ሳለሁ ሌላ የምትመካበት ሰው አልነበራትም።» ጥቂት ሄደው ደግሞ፣ «ምን አለችዎ?»

«አፉ አሉኝ።»

«እሷ ለሁሉም አፉ ትላለች።»

 መናኸሪያው በር ላይ ሲደርሱ አሚራ ቆመች።

«ባለፈው ወር አዲስ ልጅ መጣች እኛ ጋ። ከራያ ናት፣ እዚህ ማንም የላትም። የተቀበልኳት እኔ ነኝ። ጠረጴዛ፣ ቤት፣ ሁሉንም። አሁን ያለ እኔ ምሳ አትበላም። አንዳንዴ ደስ ይለኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ እፈራለሁ። ሥራውን እንድትወድ ነው ያደረግኳት ወይስ እኔን? አላውቅም።»

«የምትሄድበት ቀን ሲመጣ ታውቂዋለሽ» አለች ድንቅነሽ። «እኔ ያኔ ነው ያወቅኩት።»

አሚራ አየቻት።  ሚኒባሱ ረዳት «ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው!» ይላል። «በሰላም ይግቡ» አለችና ከመንገዱ ማዶ ተሻገረች። ድንቅነሽ ከመስኮቱ ስታይ ወደ ሥራዋ በፍጥነት እየሄደች ነበር፤ ሰዓት ረፍዶባታል።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ መካነ ሰላም ገባች። በሩን ከፈተች፣ ጋቢዋን ደረበች፤ አቀስታ ላይ የጀመራት ብርድ ገና አለቀቃትም። የሸኘን ሰው ገባሁ ማለት ወግ ነውና ስልኳን አውጥታ የአሚራን ቁጥር ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ቆመ። ሁለተኛ አልደወለችም። «በሰላም ገብቻለሁ» ብላ መልእክት ጻፈች፤ ቀስ እያለች፣ ፊደሉን እየፈለገች። ውሃ ጣደች። ሰዓት ካለፈ በኋላ ስልኩ አንዴ ነዘረ።

«እሺ። ይረፉ» ይላል።

ደጋግማ አየችው። ለማንም የሚጻፍ ቃል ነው። ውሃው ሲፈላ ተነስታ አወረደችው፤ ነገ አዲሱ ልጅ ያለው የችግኞቹን ሥር መግረዝ የሚጀምርበት ቀን ነው፣ በጊዜ መውረድ አለባት።